በሥራ ብዛት የሚመጣን የክርን ሕመም በፊዚዮቴራፒ እንዴት ማከም እንደሚቻል

ልብስ በእጃቸው አጥበው የሚጨምቁ፣ ቀኑን ሙሉ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ፀጉር የሚሠሩ፣ ቀለም የሚቀቡ፣ መዶሻና መፍቻ ከእጃቸው የማይለይ ሰዎች ከክርን ውጫዊ ጎን ተነሥቶ ወደ ክንድ የሚወርደውን ሕመም ያውቁታል። ሐኪሞች «የቴኒስ ክርን» ይበሉት እንጂ፣ ከሚታመሙት አብዛኞቹ ቴኒስ ተጫውተው አያውቁም። የሚጎዳው የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሡትን ጡንቻዎች ከክርን አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ነው። አንድን ነገር አጥብቀን በጨበጥን ቁጥር እነዚህ ጡንቻዎች አንጓው እንዳይታጠፍ ለመያዝ ይወጠራሉ፤ ይህ ያለ በቂ ዕረፍት ሲደጋገም ጅማቱ ራሱን መጠገን ከሚችለው በላይ ይጎዳል። ወራት ባስቆጠረ ሕመም ላይ የሚገኘው በዋናነት የጅማቱ ክሮች መዛባት ስለሆነ፣ ክኒን ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሥ ይሆናል እንጂ ጅማቱን አያጠነክረውም፤ በኃይል ማሳሸትም እንዲሁ። ጅማት የሚጠነክረው በልክ ተሰጥቶት ቀስ በቀስ በሚጨመርለት ሸክም ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያርፈውም በዚሁ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሕመሙን ይለዩ። ክንድዎን ወደ ፊት ዘርግተው፣ መዳፍዎን ወደ ምድር አዙረው እጅዎን ይጨብጡ፤ ከዚያም አንጓዎን ወደ ላይ ለማንሣት ሲሞክሩ በሌላው እጅዎ ወደ ታች ይጫኑት። በክርንዎ ውጫዊ ጎን ባለው የአጥንት ጉብታ አካባቢ የሚያውቁት ሕመም ከተቀሰቀሰ፣ ችግሩ ይኸው ጅማት የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት የሚደነዝዙ፣ ሕመሙ ከአንገት የሚነሣ፣ ክርኑ ያበጠና የሚያተኩስ፣ ትኩሳት ያለ ወይም ከመውደቅ በኋላ ክንዱ አልዘረጋ ያለ ከሆነ፣ ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ሊያይዎት ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሸክሙን ማቅለል ነው። ማቅለል ሲባል ክንድን አስሮ ማስቀመጥ ማለት አይደለም፤ ለሳምንታት ሳይሠራ የቆየ ጅማት ይበልጥ ይደክማልና። ዕቃ ሲያነሡ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው፣ ክርንዎን አጥፈውና ወደ ሰውነትዎ አቅርበው ያንሡ። ብርድ ልብስንና ጂንስን የመሰለ ወፍራም ልብስ ከመጠምዘዝ ይልቅ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ሳይጨምቁ ያስጡት። የምጣዱን ክዳን ጤነኛ በሆነው እጅ ወይም በሁለቱም እጅ ያንሡ። ይህ ቀላል ቢመስልም፣ ሰው ልምምዱን በትጋት እየሠራ ሳይድን የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ስለሚዘናጋ ነው።

አሁን ወደ ልምምዱ እንግባ። ክንድዎን መዳፉ ወደ ታች ሆኖ በጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፤ እጅዎ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ ይሁን። ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላበት የላስቲክ ጠርሙስ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ያህል ክብደት፣ ይዘው አንጓዎን ቀጥ አድርገው ሳያንቀሳቅሱ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ያቆዩ። አንድ ደቂቃ ያህል እያረፉ 5 ጊዜ ይድገሙት። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይህን ብቻ መሥራት ይበቃል።

ይህ ሲቀልልዎት በዚያው አቀማመጥ የታመመውን እጅ በሌላው እጅ እየረዱ ጠርሙሱን ወደ ላይ ያንሡ፤ ከዚያም ረዳቱን እጅ ለቀው፣ በልብዎ እስከ አምስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ወደ ታች ያውርዱ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሠርተው ይረፉ፤ በጠቅላላው 3 ዙር ይሥሩ፣ በአንድ ቀን ልዩነት። የክንድን መዞር ለማጠንከር ደግሞ መዶሻ በእጀታው ይዘው፣ ክርንዎን በጎንዎ እንዳጠፉ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በዝግታ ያጋድሉት። የመዶሻው ራስ ከእጅ በራቀ ቁጥር ስለሚከብድ መጀመሪያ ወደ ራሱ ተጠግተው ይያዙት።

ምን ያህል ሕመም መታገሥ እንደሚገባ አብዛኛው ሰው ይቸገራል። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቢመዝኑት፣ በልምምድ ጊዜ እስከ 3 ወይም 4 የሚደርስ ሕመም ጉዳት አያመጣም። እውነተኛው ዳኛ የማግሥቱ ጠዋት ነው፦ ክርኑ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ከተመለሰ ሸክሙ ልክ ነው፤ ካልተመለሰ ክብደቱን ወይም ድግግሞሹን ይቀንሱ እንጂ ልምምዱን አያቋርጡ። በተከታታይ ሁለት ጊዜ 3ቱን ዙር ያለ ችግር ከጨረሱ ጠርሙሱን በደረቅ አሸዋ ይሙሉት፤ ክብደቱ ወደ 800 ግራም ይጠጋል። ከዚያ ወደ አንድ ሊትር ውኃ፣ ማለትም ወደ አንድ ኪሎ፣ ይሻገሩ።

ግልጽ ለውጥ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ብዙዎች በመካከሉ ተስፋ ቆርጠው የኮርቲዞን መርፌ ይወጋሉ። መርፌው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርግጥ ያስታግሣል፤ ይሁን እንጂ በአውስትራሊያ ተሠርተው በ2006 እና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተሙ ጥናቶች መርፌውን የተወጉት ሰዎች ከዓመት በኋላ ካልተወጉት የባሰ ውጤት እንደነበራቸው አሳይተዋል። ስለዚህ መርፌን የመጀመሪያ ምርጫ ማድረግን አልደግፍም። ከክርን በታች ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ የሚታሰር የክንድ ቀበቶ በሥራ ሰዓት ሊረዳ ይችላል፤ እጅዎን ካደነዘዘ ያላሉት፣ በመኝታ ሰዓትም ይፍቱት።

ወደ ሙሉ ሥራ ሲመለሱ ሁሉን በአንድ ቀን አይጀምሩ። ለሳምንት የተጠራቀመውን ልብስ በአንድ ቅዳሜ ከማጠብ ይልቅ በሦስት ቀን ከፋፍለው ይጠቡ፤ ከቀጭኑ ልብስም ይጀምሩ። የጠርሙሱን ልምምድ ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀጥሉበት።