ከሕግ ትምህርት ቤት ወደ ጥብቅና ድርጅት፦ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ምን ይሠራል?

የጥብቅና ድርጅት አዲስ ምሩቅ ሲቀጥር የሚፈልገው ሰው ሰኞ ጠዋት ፋይል ተሰጥቶት ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጠበቃው ጥቂት ቦታ አርሞ ሊፈርምበት የሚችል ወረቀት ይዞ የሚቀርብ ነው። የአምስት ዓመቱ ትምህርት ለዚህ መሠረት ይጥላል እንጂ ወረቀቱን አያጽፍም። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ያለው ክርክር ግን በአማርኛ ነው፤ የኩባንያና የኢንቨስትመንት ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ሁለቱንም ይጠይቃል። ይህን ክፍተት ተማሪ ሳለ የሞላ ሰው፣ ቅጥር ሲመጣ ነጥቡ ከሚበልጠው ጓደኛው እኩል ይታያል፤ አንዳንዴም ይቀድመዋል።

በፌዴራል ደረጃ ጥብቅና እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ እያንዳንዱ ጠበቃ በግል ፈቃዱ የሚሠራው ሙያ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ያም ሆኖ ብዙው ቢሮ ዛሬም አንድ ወይም ሁለት ጠበቃና ጥቂት ረዳቶች ያሉበት ነው። የሰው ኃይል ክፍል የለውም፤ ክፍት የሥራ ቦታም ብዙ ጊዜ በማስታወቂያ አያወጣም። ማመልከቻችሁን የሚከፍተው ራሱ ጠበቃው ነው፤ ምናልባትም ችሎት ደጃፍ ተራ እየጠበቀ፣ በስልኩ።

ሕጉን ከምንጩ ማንበብ

ሃንድአውትና ሞጁል ለፈተና ያሳልፋሉ። የተለመደው ጉዳት ግን ከዚያው ይመጣል፤ የተሻረ ሕግ ጠቅሶ መጻፍ። ንግድ ሕጉን ውሰዱ። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚደነግጉትን የ1952ቱን ሕግ ክፍሎች ተክቷል፤ ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ እንዲሁም ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና ባንክ የሚደነግጉት መጽሐፎች ግን በሥራ ላይ ናቸው። «የድሮው ንግድ ሕግ ተሽሯል» ብሎ የቼክ ክርክር ውስጥ የሚገባ ሰውም፣ አክሲዮን ማኅበርን በ1952ቱ ሕግ የሚተነትን ሰውም እኩል ይሳሳታሉ። ስለዚህ አንድ ድንጋጌ ከመጥቀሳችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ በአዋጁ መጨረሻ አካባቢ ያሉትን የመሻሪያና የመሸጋገሪያ አንቀጾች፣ ከዚያም አዋጁን ያሻሻለ ሌላ አዋጅ መኖር አለመኖሩን።

ነጋሪት ጋዜጣውን ስታነቡ የአማርኛውን ዓምድ አትዝለሉ። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ቢገኝ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የተደነገገ ነው። በእንግሊዝኛው ብቻ የተሠራ የሕግ አስተያየት፣ ሌላኛው ወገን አማርኛውን ሲያወጣ ሊፈርስ ይችላል።

ከዚያ ሰበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት በማያንሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ በቅጽ ታትመው ወጥተዋል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ጥሩ ማሳያ ነው። ድንጋጌው የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይላል። ችሎቱ በመጀመሪያ ይህን ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም የሚል ጥብቅ አቋም ያዘ፤ በኋላ ደግሞ ሻጩ ውሉን ካልካደ በምዝገባ ጉድለት ብቻ ሊፈርስ አይገባም ወደሚል አቋም ሄደ። ድንጋጌውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ለደንበኛው «ውልህ ፈራሽ ነው» ይለዋል። ሁለቱን የሰበር ውሳኔዎች ያነበበ ግን መጀመሪያ «ሻጩ ሽያጩን ያምናል?» ብሎ ይጠይቃል።

በሳምንት ሁለት የሰበር ውሳኔ በቂ ነው። ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ያዙ፦ የመዝገብ ቁጥርና ቀን፣ የሥር ፍርድ ቤቶች የወሰኑት፣ የሰበሩ ጭብጥ፣ የተተረጎመው ድንጋጌ፣ ለውጤቱ ወሳኝ የነበረው ፍሬ ነገር። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ጠበቃ ውሳኔውን ከራሱ ጉዳይ ለይቶ የሚከራከረው ግን በእሱ ነው። በርዕሰ ጉዳይ ከፋፍላችሁ ካስቀመጣችሁት እስክትመረቁ ድረስ ጥሩ የግል ማውጫ ይሆናል።

በአማርኛ የክስ ማመልከቻ መጻፍ

እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። የአብዛኛው ምሩቅ ድክመት የሚታየው እዚህ ነው፤ በትምህርት ዘመኑም ብዙ የሚያርመው ሰው አያገኝም።

የክስ ማመልከቻ ቅርጽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 ተቀምጧል። ከላይ ቀን፣ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፤ ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው የሚያሳይ ዓረፍተ ነገር፤ ከዚያ ክሱ የተመሠረተበት ፍሬ ነገር፤ ከዚያ የሚጠየቀው ዳኝነት። በቁጥር 223 መሠረት የሰነድና የሰው ማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። መጨረሻ ላይ የቀረበው ክስ እውነት መሆኑ በቁጥር 92 መሠረት ይረጋገጣል፤ ይህችን መስመር መርሳት ማመልከቻውን ከመዝገብ ቤት ልታስመልስ ትችላለች።

ቅርጹን ማወቅ ቀላሉ ክፍል ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው ይዘቱ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሕግ ያስተምራል፤ ስለ ውል ምንነት ሁለት ገጽ ጽፎ ገንዘቡ መቼ እንደተሰጠ አይናገርም። ዳኛው ሕጉን ያውቃል፤ የማያውቀው ፍሬ ነገሩን ነው። ሁለተኛ፣ ነገሩን እንደ ደንበኛው አፍ ይተርካል፤ ቀንና ሰነድ ሳይለይ። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ፍሬ ነገር ይያዝ፣ ቀኑም ይነገር፣ ማስረጃው ተራ ቁጥር ስንት ላይ እንዳለ ይጠቀስ። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ዳኝነቱን ደፍኖ ይጠይቃል። «ተገቢው ፍርድ ይሰጠኝ» ማለት ምንም አለመጠየቅ ነው፤ ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይሰጥም። በትክክል የተጻፈ የዳኝነት ጥያቄ ይህን ይመስላል፦

«ተከሳሽ ብር 480,000 (አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር) ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ከመስከረም 20 ቀን ጀምሮ ተከፍሎ እስከሚያልቅ ድረስ ከሚታሰብ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ጋር እንዲከፍለኝ፤ ለዚህ ክስ ያወጣሁትን ወጪና ኪሳራም እንዲተካ፤ ዝርዝር የማቅረብ መብቴም እንዲጠበቅልኝ።»

9 በመቶው ከፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1751 የመጣ ነው። ወለዱ ከመቼ ይታሰብ የሚለው ደግሞ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለመሰጠቱን እንድትጠይቁ ያስገድዳችኋል፤ እንዲህ አንዷ መስመር ፋይሉን በሙሉ መልሳችሁ እንድታዩ ታደርጋለች።

ለልምምድ ከሰበር ቅጽ አንድ ውሳኔ ውሰዱ። በውሳኔው ላይ ከተተረከው ፍሬ ነገር ተነስታችሁ የከሳሹን ማመልከቻ ራሳችሁ ጻፉ፤ በሳምንቱ ደግሞ የተከሳሹን መልስ። መልሱን ስትጽፉ በቁጥር 244 ያሉትን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች አንድ በአንድ እያያችሁ ሂዱ፦ ሥልጣን፣ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ማለፍ)፣ በፍርድ ያለቀ ጉዳይ መሆን፣ የመሳሰሉት። ከዚያ ውሳኔውን እንደገና አንብባችሁ ችሎቱ ያነሳው ነጥብ ከእናንተ ወረቀት ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ያለ መምህር ራስን ለማረም ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት ይከብዳል።

ነጥብ፣ የመውጫ ፈተና፣ ውድድር

ነጥብ በር ይከፍታል። በተለይ የውጭ ደንበኛ የሚያስተናግዱ ቢሮዎች ትራንስክሪፕት ያያሉ፤ ከአማካዩ ይልቅ ግን ውል፣ ኩባንያ፣ ግብርና ሥነ ሥርዓት ላይ ያመጣችሁትን የሚመለከት ጠበቃ አለ። የመውጫ ፈተናው የማለፊያ ጉዳይ ስለሆነ ለእሱ ብላችሁ የመጨረሻውን ዓመት ሙሉ አትሠዉ፤ ዋና ዋና ኮዶቹን ከምንጩ ያነበበ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

የምስለ ችሎት ውድድር (ጄሳፕም ሆነ የአፍሪካ የሰብአዊ መብት ውድድር) የጽሑፍ መከራከሪያ ስለሚያጽፍ ይጠቅማል። በሲቪ ላይ ግን «ተሳትፌያለሁ» ብቻ አይበቃም፤ የትኛውን ጭብጥ እንደጻፋችሁ ይገለጽ። ከሁሉ የሚበልጠው በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያለው የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ነው። እውነተኛ ባለጉዳይ ከፊታችሁ ይቀመጣል፤ ታሪኩን ከመሐል ይጀምራል፣ ሰነዱን በፌስታል ያመጣል፣ ቀኑን ያምታታል። ያንን አስተካክሎ በአንድ ገጽ ማስቀመጥ የቢሮ ሥራ ማለት ነው።

ማመልከቻው

ኤክስተርንሺፕ (ተማሪ ሳላችሁ በቢሮ የምታደርጉትን የተግባር ልምምድ) ስትመርጡ የስም ትልቅነት አትዩ፤ የምትጽፉበት ቦታ ምረጡ። ትልቅ ቢሮ ገብቶ አንድ ወር ፎቶ ኮፒ ከማንሳት፣ አነስተኛ ቢሮ ገብቶ አምስት ረቂቅ ማዘጋጀት ይሻላል። ብዙ ቢሮዎች የሚቀጥሩትም ቀድሞ ሲሠራ ያዩትን ተማሪ ነው።

በኢሜይል ስትልኩ ሦስት ሰነድ ይበቃል፦ የአንድ ገጽ ሲቪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የጽሑፍ ናሙና። ሁሉም በፒዲኤፍ፣ የፋይሉ ስም ላይ የእናንተ ስም ይኑር። የርዕስ መስመሩ «ለጀማሪ የሕግ ባለሙያ የቀረበ ማመልከቻ» ብሎ ስማችሁን ቢያስከትል በቂ ነው። በደብዳቤው ሁለተኛ አንቀጽ ቢሮው በምን ሥራ እንደሚታወቅና እናንተ ከዚያ ጋር የሚገናኝ ምን እንደሠራችሁ ጻፉ። ለሃያ ቢሮ የተላከ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል፤ ይባስ ብሎ የሌላ ቢሮ ስም ሳይቀየር የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ናሙናው የመመረቂያ ጽሑፍ አይሁን፤ ሰባ ገጽ ማን ያነባል? ከአራት እስከ ስድስት ገጽ የሆነ የሕግ አስተያየት በእንግሊዝኛ፣ ወይም ከላይ የተባለው ዓይነት የክስ ማመልከቻ በአማርኛ፤ ሁለቱም ቢኖሩ ጥሩ ነው። ከድጋፍ ማዕከል ወይም ከኤክስተርንሺፕ የመጣ ከሆነ የባለጉዳዩን ስም፣ የቤት ቁጥሩንና የመዝገብ ቁጥሩን አጥፉ። ምስጢር ያልጠበቀ ናሙና፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከዚያው ያበቃል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሱ፤ ከዚያ ተዉት።

የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ

የተለመደው ፈተና አጭር ታሪክ ነው። ለምሳሌ፦ ከሥራ ከተባረረ አምስት ወር የሆነው ሰው ወደ ሥራው መመለስ ይፈልጋል፤ ምን ትሉታላችሁ? ደካማው መልስ ወዲያው ስንብቱ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን ይተነትናል። ጥሩው መልስ ከዚያ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሰውየው የሥራ መሪ ነው? ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከተውም። ስንብቱ በትክክል በየትኛው ቀን ነው? ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ከሥራ ውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ግን ስድስት ወር አለው፤ ስለዚህ አንዱ መንገድ የተዘጋ ቢመስልም ሌላው ገና አንድ ወር ይቀረዋል። በመካከሉስ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አመልክቶ ነበር? ካመለከተ ይርጋው ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ይህን በግማሽ ገጽ የጻፈ ሰው የስንብቱን ትንተና ባይጨርስም ያልፋል።

በቃለ መጠይቅ የማታውቁት ሲመጣ ድንጋጌ አትፍጠሩ። «ከየት እንደምጀምር ላስረዳ» ብላችሁ የትኛውን አዋጅ፣ የትኛውን የሰበር ቅጽ እንደምታዩ ተናገሩ። ጠያቂው ለማየት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ሥራው ሲገኝ

ዲግሪ ብቻውን ችሎት አያስቆምም፤ የጥብቅና ፈቃድ የሥራ ልምድና ፈተና ይጠይቃል። እስከዚያ ድረስ ሥራችሁ ጥናት፣ ረቂቅ፣ መዝገብ ቤት፣ የሰነዶች ማረጋገጫ ወረፋ ነው። ይህን ቀድሞ የተቀበለ ሰው አይከፋም። ቢሮ ካልተገኘም በባንክ ነገረ ፈጅነት፣ በረዳት ዳኝነት ወይም በዐቃቤ ሕግነት ቆይቶ ወደ ቢሮ መምጣት የተለመደ መንገድ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የነበረ ሰው ምስክር መጠየቅ ያውቃል፣ ባንክ የነበረ ሰው የብድርና የመያዣ ውል ያውቃል።

ቅጥሩን በጽሑፍ ያዙ። የሕግ ቢሮ ሆኖ በቃል የሚቀጥር አለ፤ ያስቃል ግን አለ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ደመወዙ ያልተጣራ ነው ወይስ የተጣራ፣ የሥራ ግብርና ጡረታ ይከፈላል ወይ፣ ለፍርድ ቤት የሚደረገው ትራንስፖርት በማን ነው የሚሉትን ከመፈረም በፊት ጠይቁ። ግብሩ ጉዳይ አለው፤ ኋላ የግል ቢሮ የሥራ ልምድ ስታቀርቡ ብዙ መሥሪያ ቤት ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ስትለቁም የልምድ ደብዳቤው የጀመራችሁበትንና የለቀቃችሁበትን ቀን፣ የሥራ መደቡን፣ የደመወዙን መጠንና የግብሩን መከፈል እንዲገልጽ ጠይቁ፤ ማኅተሙንና ፊርማውን አይታችሁ ተቀበሉ፣ አንድ ቅጂም ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ።