ማስታወስን ለስልክ ሲተዉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐኪም ሲያስረዳ፣ መምህር ሲያስተምር፣ ስብሰባ ላይ ውሳኔ ሲነገር ስልክ አውጥቶ ሪከርድ ማድረግ ዛሬ ቀላል ነው። መሣሪያውን አልነቅፍም። መጻፍ ለሚቸገር፣ ወይም የማስታወስ ችሎታው በሕመም ለተጎዳ ሰው ትልቅ እገዛ ነው። ነገር ግን አእምሯችን ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ጠቅልለን ለስልክ ስናስረክብ ብዙ እናጣለን።

ከሁሉም የከፋው ስህተት «እየተቀዳ ነው» ብሎ መዘናጋት ይመስለኛል። የሰማነው ነገር የሚጸናው በሰማንበት ሰዓት ልብ ካልነው፣ ከምናውቀው ጋር ካያያዝነው፣ ያልገባንን ከጠየቅን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቤትሲ ስፓሮውና ባልደረቦቿ ሰዎች አጫጭር መረጃዎችን ኮምፒውተር ላይ እንዲጽፉ አደረጉ። የጻፉት ተቀምጦ እንደሚቆይ ያመኑት፣ ይጠፋል ከተባሉት ያነሰ አስታወሱ። ሙከራው በጽሑፍ እንጂ በድምፅ አልነበረም፤ በድምፅም ነገሩ የሚለይ አይመስለኝም። ስለዚህ ሪከርዱ ቢበራም እንዳልበራ ሆነው ያዳምጡ። ያልገባዎትንም እዚያው ይጠይቁ። የተቀዳ ድምፅ ጥያቄ አይመልስም።

ሌላው ደጋግሞ ማዳመጥን እንደ ጥናት መቁጠር ነው። ተማሪዎች እዚህ ላይ በጣም ይሸወዳሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰሙት ሁሉም ነገር የታወቀ ይመስላል፤ ፈተና ላይ ሲቀመጡ ግን ጥፍት ይላል። ሲሰሙ ማወቅና ከራስ አውጥቶ መናገር ለየቅል ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንብቦ የሚያስታውሰውን በራሱ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ። እንግዲህ ድምፁን ከመክፈትዎ በፊት ባዶ ወረቀት ይያዙ። የሚያስታውሱትን ሁሉ፣ ስህተት ቢኖርበትም፣ ይጻፉ። ከዚያ ድምፁን ይክፈቱና የጎደለውን ይሙሉ። ትንሽ ያታክታል። የሚጠቅመውም ያ ልፋት ነው።

አንድ ስም ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲቀር ወዲያው እንደ ሲሪና አሌክሳ ያሉ በድምፅ ሲጠየቁ የሚመልሱ ረዳቶችን መጠየቅም ልማድ ሆኗል። እስኪ አንድ ደቂቃ ይታገሡ። ብዙ ጊዜ ራሱ ይመጣል።

ማከማቸትም አለ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ለማዳመጥ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ እንደ ጽሑፍ ገረፍ ተደርጎ አይታይም። «በኋላ እሰማዋለሁ» የተባለው አብዛኛው ሳይሰማ ይቀራል። ቀድተው እንደጨረሱ ዋናውን ነገር በራስዎ ቃል በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለፋይሉም ስም ይስጡት።

ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ መሣሪያዎችን ሳያጣሩ ማመን ደግሞ አደጋ አለው። ስምና ቁጥር ይስታሉ። «ይወሰዳል» የተባለው መድኃኒት «አይወሰድም» ተብሎ ቢጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር የተባለ መሣሪያ እንኳ ማንም ያልተናገረውን ዓረፍተ ነገር አንዳንዴ እንደሚጨምር ተመራማሪዎች በ2024 አሳይተዋል። የተባለውን እርስዎ ራስዎ ካላስታወሱ ስህተቱን በምን ያውቁታል?

የወላጆችን፣ የአያቶችን ታሪክ ቀድቶ ዝም ማለት ይበልጥ ያሳዝነኛል። መቅዳቱ መልካም ነው፤ ድምፃቸው ይቀራል። ታሪኩ ግን የእኛ የሚሆነው እኛም ስንተርከው ነው። በዚያው ሳምንት ለአንድ ሰው ያውሩት። ሲያወሩት የጠፋብዎት ቦታ ይታወቅዎታል፤ ባለታሪኩ በሕይወት ሳሉ ተመልሰው መጠየቅ ይችላሉ።

የመጨረሻው ምንም ነገር በቃል አለመያዝ ነው። ባትሪ ያልቃል፣ ስልክ ይጠፋል። የአንድ የቅርብ ሰው ስልክ ቁጥር፣ የማይስማማዎት መድኃኒት ስም፣ ዘወትር የሚወስዱት መድኃኒት ከነመጠኑ በቃልዎ ይሁኑ። ዛሬ ያጥኗቸው፤ ነገ ሳያዩ ይድገሟቸው፤ ከሳምንት በኋላም እንዲሁ።