መለኪያው ዜሮ ሲል አትግቡ

የጨረራ ምንጭ ወዳለበት ክፍል ስትጠጉ መለኪያችሁ ዜሮ ካሳየ ወደኋላ ተመለሱ። የምሬን ነው። ምንም ምንጭ በሌለበት ቦታ እንኳ ከአፈሩ፣ ከግንቡና ከህዋ የሚመጣ ጨረራ አለ፤ በብዙ ቦታ በሰዓት ከ0.05 እስከ 0.2 ማይክሮሲቨርት ይሆናል (ሲቨርት ሰውነት የሚያገኘው ጨረራ የሚለካበት ነው፣ ማይክሮሲቨርት ሚሊዮንኛው)። ስለዚህ ጤነኛ መለኪያ ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ያነባል፣ ድምፁ ከተከፈተም አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል። ዝም ካለ ወይ ባትሪው አልቋል፣ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ደግሞ ጨረራው ከአቅሙ በላይ ሆኗል። የመጨረሻው ነው የሚያስፈራው። የጋይገር ቱቦ፣ ማለትም በብዙ መለኪያዎች ውስጥ ጨረራውን ምት በምት የሚቆጥረው ክፍል፣ አንዱን ምት ከቆጠረ በኋላ ለማገገም ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምቶቹ ሲግተለተሉበት ፋታ ያጣና ንባቡ መውጣት ሲገባው ይወርዳል። ብዙዎቹ አዳዲስ መለኪያዎች እንዲህ ሲሆን ያስጠነቅቃሉ። የእናንተው ያስጠነቅቅ እንደሆነ ግን ከመመሪያው አሁኑኑ አረጋግጡ።

ስለዚህ መለኪያው የሚበራው ውጭ ነው። ባትሪውን እዩ። የካሊብሬሽኑን፣ ማለትም ንባቡ ትክክል መሆኑ የተፈተሸበትን፣ ቀን እዩ፤ ብዙ ጊዜ በየዓመቱ ይታደሳል። ለመፈተሻ የተዘጋጀች ትንሽ ምንጭ ካለች አስጠጉትና የተለመደውን ቁጥር ማንበቡን አረጋግጡ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ የአካባቢውን የተፈጥሮ ጨረራ ለኩና ጻፉት።

ስትገቡ መለኪያው ከሰውነታችሁ ይቅደም። እጃችሁን ዘርጉ፣ ቀስ በሉ፣ ቁጥሩ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ሲዋልል አትደናገጡ፣ የጨረራ ጠባዩ ነው፤ 100 ምት ብትቆጥሩ ስህተቱ 10 በመቶ ያህል ነው፣ 10,000 ብትቆጥሩ ግን 1 በመቶ ብቻ። ደካማ ጨረራ ትዕግሥት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ለኤክስሬይና ለብርቱ ጨረራ እኔ የምመርጠው አዮን ቻምበር የሚባለውን ሌላ ዓይነት መለኪያ ነው፣ ምክንያቱም ማስተካከያ ያልተደረገለት ጋይገር ዝቅተኛ ጉልበት ያለውን ጨረራ አጋንኖ ያነባል። ኒውትሮን የሚባለው የጨረራ ዓይነት ካለ ደግሞ ለእሱ የተሠራ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል።

ለክታችሁ ካወቃችሁ በኋላ የሚደርሳችሁን ጨረራ መቀነስ ይከተላል። ርካሹና አስተማማኙ መንገድ መራቅ ነው። ትንሽ ምንጭ ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረራው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በ1 ሜትር ላይ በሰዓት 400 ማይክሮሲቨርት የነበረው በ2 ሜትር 100፣ በ4 ሜትር 25 ይሆናል። ወደ ምንጩ ስትቀርቡም ይኸው ሕግ በተቃራኒው ይሠራባችኋል። ከ1 ሳንቲ ሜትር ወደ 30 ሳንቲ ሜትር መራቅ 900 እጥፍ ልዩነት አለው፣ ስለዚህ እባካችሁ ምንጭን በጣት አታንሱ፣ ረጅም መቆንጠጫ ተጠቀሙ። ረጅም ቧንቧ ወይም ሰፊ ወለል ላይ ያለ ጨረራ ግን በቅርብ ርቀት እንዲህ ፈጥኖ አይቀንስም፤ እዚያ ስሌቱን ትታችሁ ለኩ።

መራቅ ካልተቻለ መከለያ አስገቡ። ሲዝየም 137 ከሚባለው ምንጭ የሚወጣውን ጋማ፣ ማለትም ዘልቆ የሚያልፈውን ጨረራ፣ በግማሽ ለመቀነስ 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል እርሳስ ይበቃል፣ ለሌላው ምንጭ ለኮባልት 60 ግን ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቤታ (ፈጣን ኤሌክትሮኖች) ለሚያወጣ ምንጭ ብዙዎች በቀጥታ እርሳስ ያስቀምጣሉ፤ ይህ ስህተት ነው፣ ቤታው እርሳሱ ላይ ሲቆም ኤክስሬይ ይፈጥራል። መጀመሪያ ፕላስቲክ፣ እርሳሱ ከጀርባው። ከተከለለ በኋላም ከኋላው፣ በተለይ መጋጠሚያዎቹንና ስንጥቆቹን፣ እንደገና ለኩ። ግድግዳና ጣሪያ ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣም አለ፣ መለኪያውን ወደ ምንጩ ብቻ አታዙሩ።

ጊዜውን አስቀድማችሁ አስሉ። ለሠራተኛ የሚመከረው ገደብ በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፣ ለሌላው ሰው 1 (አንድ ሚሊሲቨርት 1,000 ማይክሮሲቨርት ነው)። በዓመት 2,000 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 20ው ሲካፈል በሰዓት 10 ማይክሮሲቨርት ይመጣል። ይህ ጣሪያው ነው፣ የምትሠሩት ከሱ በጣም ዝቅ ብላችሁ ይሁን። ሥራውን ምንጩ በሌለበት ተለማመዱት፣ የ10 ደቂቃው ሥራ 4 ደቂቃ ሊሆን ይችላል።

ብየዳን ለመፈተሽ በጋማ ጨረራ ፎቶ የምታነሡ ደግሞ ይህን አትርሱ። ምንጩን ከመያዣው በቱቦ የሚያወጣውና የሚመልሰው ኬብል ተጠቅልሎ አልቋል ማለት ምንጩ ወደ መያዣው ገብቷል ማለት አይደለም፣ ተቆርጦ ቱቦው ውስጥ ሊቀር ይችላል። በእያንዳንዱ ቀረጻ መጨረሻ መለኪያውን አብርታችሁ ቱቦውን እስከ ጫፉ፣ መያዣውንም ዙሪያውን ለኩ፤ ቁጥሩ ምንጩ በመያዣው ሲቀመጥ ወደሚያሳየው ካልወረደ ማንም አይጠጋ።