ከአፈር ወደ ኮኮ፦ ቤት ውስጥ የተተከለው በሶብላ ለምን ይገረጣል?

እዚህ ሜሪላንድ ውርጩ ከገባ በኋላ በሶብላ ውጭ አያድርም። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው ደረቁ ነው፤ እርጥቡን የፈለገ ሰው ቤዝመንት ውስጥ መብራት ሰቅሎ ማብቀል አለበት። እኔም በሶብላ፣ ቃሪያና ኮሰረት እንደዚያ አበቅላለሁ። ለዓመታት በአፈር ነበር። አፈሩ ሲከብደኝና ትንኙ ሲያስቸግረኝ ወደ ኮኮናት ቃጫ፣ ሁሉም በአጭሩ ኮኮ ወደሚለው፣ ዞርኩ። በመጀመሪያው ወር በሶብላዬ ገረጣ። ኮኮው ምንም አልሆነም ነበር፤ እኔ ግን አሁንም እንደ አፈር እያጠጣሁት ነበር።

ልዩነቱ ይህ ነው። አፈር የራሱ ስንቅ አለው፤ ውሃ ብቻ ብትሰጡት እንኳ ተክሉን ለሳምንታት ይመግባል። ኮኮ ውሃና አየር ይይዛል እንጂ ስንቅ የለውም። ተክሉ የሚበላው በምታጠጡት ውሃ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

የታች ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ፣ ዕድገቱ ይቆማል

ይህ ረሃብ ነው። ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌ ቅጠሎቹ ወስዶ ለአዲሶቹ ይሰጣል። ምክንያቱ ባዶ ውሃ ማጠጣት፣ ወይም እንደ አፈር በሁለት ሳምንት አንዴ ማዳበሪያ መስጠት ነው።

መፍትሄው ቀጠን ያለ ማዳበሪያ በእያንዳንዱ ውሃ መስጠት ነው። ኢሲ ሜትር፣ ማለትም በውሃው ውስጥ የሟሟውን የማዳበሪያ ጨው የሚለካ መሣሪያ፣ ካላችሁ በmS/cm ለትንሽ ችግኝ ከ0.6 እስከ 0.8፣ ለደረሰ በሶብላ ከ1.2 እስከ 1.6፣ ለሚያፈራ ቃሪያ እስከ 2 ይበቃል። የማዳበሪያውን ጀርባ አንብቡ። ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ናይትሬት መሆን አለበት። ዩሪያን ወደሚጠቅም ምግብ የሚቀይሩት ረቂቅ ተሕዋስያን አዲስ ኮኮ ውስጥ ገና አልበዙም፤ ስለዚህ ለአፈር የገዛችሁት ማዳበሪያ እዚህ ላያገለግል ይችላል።

አዲሱ ቅጠል ይጨማደዳል፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ የታችኛው በጅማቶቹ መካከል ይገረጣል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ማዳበሪያ አነሰው ብሎ ይጨምራል፣ ይብስበታል። በአዲሱ ቅጠል ላይ የሚታየው የካልሲየም እጥረት ነው፤ በታችኛው ላይ ያለው የማግኒዥየም።

የኮኮናት ቃጫ በተፈጥሮው ፖታሲየምና ሶዲየም ተሸክሞ ይመጣል። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲያገኝ እነዚያን ለቆ እነዚህን ይይዛል፤ ስለዚህ እናንተ የሰጣችሁትን ከተክሉ በፊት ቃጫው ይወስደዋል። ቃጫው ሳይጠግብ ተክሉ አይጠግብም።

ስለዚህ ከመትከል በፊት ቃጫውን ማጥገብ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ተጨምቆ ደርቆ የሚሸጠውን 650 ግራም የኮኮ ጡብ ባልዲ ውስጥ አስቀምጬ 4 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ አፈስበታለሁ። ጠርዙ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እንደ ሊጥ ይነፋል፣ እርጥብ ገመድ ይሸታል። በወንፊት ስታጥቡት የሚወርደው ውሃ እንደ በረካ ቡና ቀላ ይላል፤ አትደንግጡ፣ የቃጫው ቀለም ነው። የሚወርደው ውሃ ኢሲ፣ የቧንቧችሁን ውሃ ኢሲ ቀንሳችሁ፣ ከ0.5 በታች እስኪሆን እጠቡ። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 1.5 ግራም ካልሲየም ናይትሬትና 0.5 ግራም ኤፕሰም ጨው (ማግኒዥየም ያለበት ጨው) አሟሙታችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፤ ጠዋት አጥልሉት። ሁለቱን ለየብቻ በውሃ አሟሙ፤ ወፍራም ሆነው ከተገናኙ ነጭ ዝቃጭ ሠርተው ይባክናሉ። ታጥቦና በካልሲየም ተዘጋጅቶ የሚሸጥም አለ፤ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ።

ተክሉ አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ኮኮ ውስጥ ከሆነ አትንቀሉት። ለጥቂት ሳምንታት በእያንዳንዱ ውሃ ካልማግ የሚባለውን የካልሲየምና የማግኒዥየም ማዳበሪያ ጨምሩ። የተበላሸው ቅጠል አይድንም፤ መሻሉን የምታውቁት አዲስ በሚወጣው ነው።

የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል

ጨው ተጠራቅሟል። ኮኮው ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ይደረብበታል። በአፈር «ደረቅ ሲል አጠጣ» የተባልነው እዚህ ጉዳት ነው።

ስታጠጡ ከታች እስኪወጣ ድረስ አጠጡ፦ 1 ሊትር ብትሰጡ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር መውጣት አለበት። የሚወጣውን ለኩት። ኢሲው ከሰጣችሁት በጣም ከበለጠ፣ በግማሽ የቀጠነ ማዳበሪያ ቀረብ እስኪል ደጋግማችሁ አፍስሱበት። የኮኮ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ዓይን አይታመንም። የተተከለበትን ዕቃ አንሱት። ከጠጣ በኋላ ያለውን ክብደት እጃችሁ ከለመደ፣ ሲቀልል ያውቃል። ሥሩ ዕቃውን ከሞላ በየቀኑ ማጠጣት የተለመደ ነው።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ

ብረት አለ፣ ተክሉ ግን ሊወስደው አልቻለም፤ ፒኤቹ፣ ማለትም ውሃው ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከፍ ብሏል። ከ5.8 እስከ 6.2 አድርጉት። መጀመሪያ ማዳበሪያውን በጥብጡ፣ ከዚያ ለኩ፣ በመጨረሻ በፒኤች መቀነሻ አስተካክሉ። ሎሚ ለጊዜው ያወርደዋል፣ ግን ሳይቆይ ተመልሶ ይወጣል።

ውስጡ እርጥብ ነው፣ ተክሉ ግን ጠውልጓል

ሥሩ አየር አጥቷል። ከታች ያለው ሳህን ውስጥ ውሃ ተኝቶ እንደሆነ እዩ፤ ካለ ድፉት። ትንሽ ችግኝ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ከተተከለም እንዲሁ ነው። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰና ከሸተተ በስብሷል። ሲሶ ያህል ፐርላይት፣ ነጩን ቀላል ጠጠር፣ ቀላቅሎ መትከል ይረዳል።

ሌላው ምክንያት ተክሉ ከነአፈሩ ተነቅሎ ኮኮ ውስጥ መግባቱ ነው። ኮኮው በየቀኑ ሲጠጣ መሃል ያለው የአፈር ጓል ጭቃ እንደሆነ ይቀራል። ትልቁን ተክል ከማዛወር ከጫፉ ቆርጦ መትከል ይሻላል። የበሶብላ ቁራጭ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በሳምንት ወይም በሁለት ሥር ያወጣል፤ ኮሰረትም በቁራጭ ይያዛል።

ትንንሾቹ ጥቁር ትንኞች ኮኮ ላይም ይመጣሉ፣ ላዩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ። ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ስቀሉ፣ ከታች በሳህን አጠጥታችሁ ላዩን ለጥቂት ቀን አድርቁት፣ ሳህኑንም ድፉ። ከዚያ ግን ከላይ ወደ ማጠጣቱ ተመለሱ፣ ጨው እንዳይጠራቀም።

ጤና አዳምን አላዛወርኩትም። አንድ ሞክሬ ነበር፤ በየቀኑ መጠጣቱን አልወደደውም። ደረቅ ያለ፣ አሸዋማና ብዙም ያልሰባ አፈር ነው የሚስማማው። አሁንም መስኮቱ ሥር በአፈሩ ውስጥ ነው ያለው፣ የማጠጣውም ሲደርቅ ብቻ ነው።