ሕንፃን ለመሬት መንቀጥቀጥ ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመሬት መንቀጥቀጥ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ሕንፃ ሲደረመስበት ነው። መሐንዲሱ ከምንም በፊት ማሰብ ያለበት ይህንን ነው፤ ሕንፃው ቢሰነጠቅም ሰው በሕይወት ይውጣ።

"ወፍራም ከሆነ ይችለዋል" ማለት። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ሕንፃው በከበደ ቁጥር መንቀጥቀጡ የሚያሳርፍበት ኃይልም ይጨምራል። የሚያድነው ሳይሰበር መወዛወዝ መቻሉ ነው።

ስታፋን መናቅ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የኮለኑን (የሕንፃውን ምሰሶ) ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዛቸው ቀለበት መሰል ብረት ስታፋ ነው። ኮለን በብዛት የሚጎዳው ከላይና ከታች ጫፉ፣ ከቢም (ወለሉን ከሚሸከመው አግዳሚ) ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው። እዚያ ስታፋው ጠጋ ጠጋ ብሎ መታሰር አለበት። የስታፋው ጫፍም 90 ዲግሪ ታጥፎ መቅረት የለበትም፤ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ መሃል ይግባ። አለዚያ የውጩ ኮንክሪት ሲረግፍ ስታፋው ይከፈታል፣ ፌሮው ይጎብጣል፣ ኮለኑም ይፈርሳል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ይህን ማንም አያየውም። ስለዚህ ከሙሌቱ በፊት ሳይት ሄዶ በዓይን ማየት ግድ ነው። በስልክ የተላከ ፎቶ አይበቃም።

ኮለኑን ከቢሙ ደካማ ማድረግ። ቢም ቢጎዳ ወለሉ ሊቆይ ይችላል። ኮለን ከሄደ ግን ከላዩ ያለው ሁሉ ይወርዳል።

የታችኛውን ወለል ክፍት መተው። ለሱቅ ወይም ለመኪና ማቆሚያ ሲባል ታች ግድግዳ ይቀራል፤ ላይኛው ፎቅ ግን በብሎኬት ይሞላል። ያኔ መወዛወዙ በሙሉ ታች ባሉት ኮለኖች ላይ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሎስ አንጀለስ፣ ኖርዝሪጅ ውስጥ፣ ከሥሩ መኪና ማቆሚያ የነበረው አንድ ባለ ሦስት ወለል አፓርታማ የታችኛው ወለሉ ተደርምሶ 16 ሰዎች ሞተዋል።

ግማሽ ግድግዳ። ለመስኮት ተብሎ ግድግዳው ኮለኑን እስከ ወገቡ ብቻ ሲይዘው፣ ነፃ የቀረው አጭሩ ክፍል ንቅናቄውን ብቻውን ይሸከማል። በሰያፍ ተሰንጥቆ ይበጠሳል። በግድግዳውና በኮለኑ መካከል ክፍተት መተው ይህን ያስቀራል።

አፈሩን ሳያዩ መንደፍ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን ያወደመው መንቀጥቀጥ መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። ከተማዋ ግን በከፊል ያረፈችው በጥንት ሐይቅ ለስላሳ ደለል ላይ ነው። ደለሉ ንዝረቱን አጉልቶ በዝግታ ተወዛወዘ። ክፉኛ የተጎዱትም መካከለኛ ቁመት ያላቸው ሕንፃዎች ነበሩ፤ የእነሱ ውዝዋዜ ከአፈሩ ውዝዋዜ ጋር ገጠመ። የአፈር ምርመራ በራሱ በቦታው መደረግ ያለበት ለዚህ ነው። የጎረቤት ሳይት ውጤት ተውሶ መንደፍ አይቻልም፤ አፈሩ በጥቂት መቶ ሜትር ልዩነት ሊቀየር ይችላል።