የኮምፒውተር አርክቴክቸር ስትማሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባህር ዳር ፖሊም ሆነ ደብረ ማርቆስ ፕሮግራሚንግ ጀምራችሁ አሁን አርክቴክቸር ላይ የደረሳችሁ ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ይህን ኮርስ ብዙ ልጅ የሚጠላው አጀማመሩ ስለሚበላሽበት ነው።

መጀመሪያ፣ ስዕል አትሸምድዱ። ሚድ ሲደርስ የሲፒዩውን (ትእዛዝ የሚፈጽመውን ዋና ቺፕ) ስዕል ቀስቱ ሳይቀር በቃል ይዞ መግባት ተለምዷል፤ ፈተናው ሲያልቅ ግን ስዕሉም ከጭንቅላት ይወጣል። ይልቅ ሁለት ቁጥር የምትደምር ትንሽ የሲ ፈንክሽን ጻፉና ጂሲሲን (የሲ ኮምፓይለሩን) ከሰረዝ ቀጥሎ ትልቁን ኤስ (-S) ጨምራችሁ አስኪዱት። አሴምብሊውን፣ ማለትም ሲፒዩው የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች በጽሑፍ፣ ያወጣላችኋል። ቁጥሮቹ ሬጅስተር (ሲፒዩው ውስጥ ያለች ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) ውስጥ ሲገቡ፣ ሲደመሩ፣ መልሱ ሲመለስ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ቢት (0 ወይም 1) ብቻውን ትርጉም ያለው አይምሰላችሁ። 11111111 ስንት ነው? ምልክት የሌለው ቁጥር ነው ካላችሁ 255፣ በቱስ ኮምፕሊመንት (ኔጌቲቭ ቁጥር በሚጻፍበት ዘዴ) ካነበባችሁት ደግሞ -1። ባይቱ ያው ነው። በስምንት ቢት 127 ላይ 1 ሲደመር -128 የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ሜሞሪ ሁሉ እኩል ይፈጥናል ብሎ ማሰብ ነው። ካሽ (ሲፒዩው አጠገብ ያለ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) እጅ ስር ያለ መሶብ ነው፣ ራም (ዋናው ሜሞሪ) ደግሞ ጓሮ ያለው ጎተራ። ሲፒዩው ከራም ሲያመጣ አንዲት ቁጥር ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ላይ በአንድ ጊዜ 64 ባይት ያመጣል፣ ማለትም ባለ 4 ባይት ከሆኑ 16 ኢንተጀሮች። 5000 በ5000 የሆነ የኢንተጀር አሬይ ከሜይን ፈንክሽኑ ውጭ አውጁና በረድፍ በረድፍ ደምሩት። 16ቱም ይሠሩላችኋል። ቀጥሎ ሁለቱን ሎፖች አቀያይራችሁ በአምድ በአምድ ደምሩ፤ አሁን በየእርምጃው 20,000 ባይት እየዘለላችሁ ስለሆነ ካመጣችሁት ውስጥ አንዷን ተጠቅማችሁ ሌላውን ትተዋላችሁ። ያው ድምር፣ ያው መልስ፣ ጊዜው ግን በጣም ይለያያል። ሰዓት ያዙበትና እዩት፣ ይህን ሳታዩ ኮርሱን እንዳትጨርሱ።

ኢሙ8086 (8086 የሚባለውን ቺፕ አስመስሎ አሴምብሊ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ላይም ተቸንክራችሁ አትቅሩ። ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ግን 8086 በ1978 የወጣ ባለ 16 ቢት ቺፕ ነው። የሚደርስበት ሜሞሪ 1 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ካሽም የለውም። የዛሬው ላፕቶፕ እንደሱ ይሠራል ብላችሁ ኮድ ከጻፋችሁ ትሸወዳላችሁ።

ጊጋኸርዝ (ሲፒዩው በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ምት እንደሚመታ) ብቻ አይታችሁም ኮምፒውተር አታወዳድሩ፤ በአንድ ምት ስንት ሥራ ይሠራል የሚለውም አለ።

አስርዮሽን በጭፍን ማመንም አለ። 0.1 እና 0.2 በደብል (የሲ የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት) ደምሩና ከ0.3 ጋር እኩል ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ አይደለም ይላችኋል። በሁለትዮሽ 0.1ን ልክ አድርጎ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ብር የሚቆጥር ፕሮግራም ስትጽፉ በሳንቲም፣ በኢንተጀር ያዙት።