ላሜራው ታጥፎ ሲመለስ፦ ኤሌክትሪክ መቼ ይረዳል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ 90 ዲግሪ ያጠፈው ላሜራ ከማጠፊያው ሲወጣ 93 ሆኖ ይጠብቀዋል። ለተራ ብረት ትንሽ አሳልፎ ማጠፍ ይበቃል፤ ለእሱ ኤሌክትሪክ ውስጥ መግባት ገንዘብ መጣል ነው።

አሉሚኒየሙ ከብረቱ በጣም ይመለሳል። የብረት የመለጠጥ መጠን (መለጠጥን የመቋቋም አቅሙ) ወደ 200 ጊጋፓስካል፣ የአሉሚኒየም 70 ገደማ ነው። ጥንካሬያቸው እኩል ቢሆን እንኳ አሉሚኒየሙ ሦስት እጥፍ ያህል ይመለሳል። መፍትሄው ሻጋታው እንደተዘጋ፣ ጫናው ሳይነሳ፣ በመታጠፊያው በኩል ለአጭር ጊዜ ከባድ ከረንት መልቀቅ ነው። ላሜራው ውስጥ የታመቀው ኃይል በሙቀቱ ይላላል። ከሙቀት ውጭ ከረንቱ ራሱ ብረታ ብረትን ያለሰልሳል የሚለው ሐሳብ ትሮይትስኪና ሊክትማን በ1963 እ.ኤ.አ. ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ካነሱት ጀምሮ ያከራክራል፤ ለሠራተኛው ግን ቁም ነገሩ አንግሉ መያዙ ነው።

ከረንት ለቀቅን፣ ምንም አልተለወጠም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የብየዳ ማሽኑን ማመን ነው። 2 ሚሊሜትር ውፍረትና 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ላሜራ 200 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ 200 አምፔር ቢለቁበት ለእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር የሚደርሰው 1 አምፔር ብቻ ነው። ሥራው የሚፈልገው በአሥሮች፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ነው። በ50 እንኳ ብናስበው 10,000 አምፔር! ስለዚህ በቀጭን ቁራጭ ጀምሩ፦ 1 በ20 ሚሊሜትር ከሆነ 1,000 አምፔር ይበቃዋል፤ ይህን የነጥብ ብየዳ ትራንስፎርመር ይሰጣል። ሌላው ከረንቱ በሻጋታው በኩል ማምለጡ ነው። ላሜራውን የሚነካው ክፍል ከረንት የማያስተላልፍና ሙቀት የሚችል ይሁን፤ ማይካ (የልብስ ካውያ ውስጥ ያለው ከረንት የማያስተላልፍ ስስ ንጣፍ) በጫናው ይፈረካከሳል። ጫናው ከተነሳ በኋላ የሚለቀቅ ከረንት ደግሞ አንግሉን አይመልስም።

ከረንቱን ወደ ላሜራው የሚያስገባው መያዣ ሥር ይቃጠላል። ግንኙነቱ ላልቷል ወይም ቆሽሿል። የመዳብ መንጋጋ አድርጉ፣ ላሜራውን ፈትጉ፣ መጀመሪያ አጥብቁ ከዚያ ልቀቁ። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ላይ አትሞክሩት፤ ዚንኩ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ ጭሱም ያሳምማል።

አንግሉ ያዘ፣ አሉሚኒየሙ ግን ለሰለሰ። ሙቀቱ በዝቷል። በሙቀት የጠነከረ አሉሚኒየም ከ200 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ጥንካሬውን ያጣል፤ የመልቀቂያውን ጊዜ አሳጥሩ።

ጠዋት የተስተካከለው ከሰዓት ይበላሻል። ጎረቤት ብየዳ ሲጀምር መብራቱ ይወርዳል። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢወርድ ሙቀቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል። ቮልቴጁን ሳትለኩ ሻጋታውን አትነካኩ።